በዱርቤቴ ቤት ገዝቶ ማከራየት ስለሚጀምር ሰው

ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ጀማሪ በዱርቤቴ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ሲያስብ፥ ከዋጋው አስቀድሞ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር አለበት እንላለን፡፡ በቀድሞው የጎጃም ርስት ሥርዓት መሬት ከአቅኚው አባት በትውልድ ቈጠራ የሚወረስ የዘመድ ሀብት ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ የተነሣውም መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካበት በመሥጋት ጭምር ነው፡፡ የ1967ቱ አዋጆች መሬትንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረጉ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ፡፡ ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀምን መብት ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲፈቅድ፥ ግንባታው ከግማሽ ሳይደርስ የተላለፈ ቦታ የዋጋ ጭማሪው በአብዛኛው ለመንግሥት እንዲገባ ወሰነ፤ ባዶ ቦታ ይዞ ዋጋ መጠበቅን ለመከልከል መሆኑ ግልጽ ነው፡፡

አደጋው የሚብሰው በከተማው ዳር ነው፡፡ የገበሬ ማሳ በሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ «የገዛ» ሰው ውሉ በሕግ ፊት ፈራሽ ነው፤ ከተማው ሲሰፋም ካሣው የሚከፈለው ስሙ በይዞታ ደብተሩ ለተጻፈው ገበሬ ነው፡፡ ጀማሪው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፥ የሊዝ ዕዳ ወይም የባንክ ዕገዳ አለመኖሩን ይጠይቅ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የሚስቱ ፊርማ አይቅር፡፡