ጳጉሜን 6 የሚያሰናክለው ኮድ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ የሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ቆይቷል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ እናት የልጇን ልደት የምትናገረው በሀገሩ አቆጣጠር ነው። «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» የሚል ልደት ለኮምፒውተር ሲሰጥ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ኮድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች በተርታ የተቀመጠን ዝርዝር አሬይ ይሉታል። የወራቱን ርዝመት የያዘው አሬይ 30ን 12 ጊዜ ደርድሮ በ5 ይዘጋል እንበል። የዓመቱ 366ኛ ቀን በየትኛው ወር እንደሚውል ለማወቅ ዋይል ሉፕ፣ ማለትም አንድ ሁኔታ እውነት እስከሆነ ድረስ የሚደጋገም ትእዛዝ፣ የየወሩን ርዝመት ከቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ12 ወር በኋላ 6 ቀን ይቀራል። 6 ከ5 ስለሚበልጥ ሉፑ ጳጉሜንንም አልፎ 14ኛ ወር ፍለጋ ይወጣል።

እርማቱ ሁለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ከሆነ፣ እንደ 2011፣ 2015 እና 2019 ማለት ነው፣ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነውና ጳጉሜን 6 ተብላ ትግባ። ከዚያም ሉፑ የወሩን ርዝመት ከማንበቡ በፊት ቆጣሪው፣ ማለትም በአሬዩ ውስጥ የደረሰበት ተራ ቁጥር፣ ከአሬዩ ወሰን አለማለፉን ይጠይቅ። አንብቦ ኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ይህ የጀማሪዎች ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍት 30 ጊጋባይት ዙን የሙዚቃ ማጫወቻዎች በአንድ ቀን ደርቀው ቀሩ። የሰዓቱ ኮድ ቀኑ ከ365 እስከበለጠ ድረስ ይዞራል፤ ዓመቱ 366 ቀን ያለው ከሆነ ግን የሚቀንሰው ቀኑ ከ366 ሲበልጥ ብቻ ነው። ልክ በ366ኛው ቀን ምንም ሳይቀንስ፣ ሳይወጣም፣ ያለማቋረጥ ዞረ። ባለቤቶቹ ባትሪው እስኪያልቅ እንዲጠብቁና በማግሥቱ እንዲያስነሡት ተነገራቸው። ቆጣሪውን መጨመር የረሳ፣ ወይም ከመጨመሩ በፊት «ወደ ቀጣዩ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ያስገባ ተማሪ የሚሠራው ስሕተት የዚሁ ዘመድ ነው፦ በሉፑ ውስጥ ምንም ነገር የማይለወጥበት አንድ መንገድ ተከፍቶ ቀርቷል።

ወሰን መሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከደባርቅ ወደ ራስ ዳሸን በሚያወጣው መንገድ ያሉ ማረፊያዎች ይደርደሩ፦ ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ አምቢቆ። አምስት ናቸው፤ ቆጠራው ግን ከዜሮ ስለሚጀምር አምቢቆ የሚገኘው 4 ላይ ነው። «ቆጣሪው ከ5 ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ» ብሎ የጻፈ ሰው ተጓዡን ወደሌለ ሰፈር ይልከዋል። ከፕሮግራም ቋንቋዎች ጃቫና ፓይተን ስሕተቱን ተናግረው ያቆማሉ። ጃቫስክሪፕት «ያልተወሰነ» የሚል ዋጋ መልሶ ይቀጥላል፤ የከፍታ ድምር እየተሰላ ከሆነ ውጤቱ ቁጥር መሆኑ ይቀራል። በጣም አስጊው ሲ ነው፤ ከአሬዩ ጎን ያለውን የማኅደረ ትውስታ ቦታ አንብቦ እንደ እውነተኛ ቁጥር ሊያቀርብ ይችላል። «ካነሰ» ብቻ ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዜሮ ተነሥቶ ርዝመቱ ላይ ሳይደርስ የሚቆም ቆጠራ እንደሚሻል የተከራከረው በበቂ ምክንያት ነው፤ የላይኛው ወሰን ራሱ የአባላቱ ብዛት ይሆናልና አንድ መደመርም መቀነስም አያስፈልግም።

በዝምታ የሚጎዳው እየዞሩ መሰረዝ ነው። ስም ያልተሞላባቸውን መዝገቦች ሉፕ እየሰረዘ ሲሄድ ሦስተኛው ከተሰረዘ አራተኛው ወደ ቦታው ይገባል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ጨምሮ ያልፈዋል። ሁለት ባዶ መዝገቦች ጎን ለጎን ካሉ ሁለተኛው ሳይነካ ይቀራል፤ የስሕተት መልእክትም አይወጣም። መሰረዝ ባልተደረገበት ዙር ብቻ ቆጣሪውን መጨመር፣ ወይም ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መምጣት ይህን ያስተካክላል። ኮዱን ለመፈተን ባዶ አሬይ፣ አንድ አባል ብቻ ያለው አሬይ፣ እና መጨረሻው ላይ ሁለት ባዶ መዝገቦች የተከታተሉበት አሬይ ሰጥቶ የቆጣሪውን ዋጋ በየዙሩ ማሳተም ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።