ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ድምፅ አይሰማም

ስለ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚወጣ ዜና ባነበብኩ ቁጥር የምትቆረቁረኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሳይንቲስቶች ከህዋ የመጣ ድምፅ ሰሙ» የምትለው። «ኮንታክት» የተባለውን የ1997 ፊልም ያየ ሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆዲ ፎስተር ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ካሉት 27 የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሰሃኖች አጠገብ ስታዳምጥ ያስታውሳል። ፊልሙን እወደዋለሁ። ያቺ ትዕይንት ግን ብዙ ሰው አሳስታለች።

ድምፅ የአየር ወይም የሌላ ቁስ ንዝረት ነው። በእኛና በከዋክብት መካከል ያለው ቦታ ባዶ ሊባል ምንም ስለማይቀረው፣ ከዚያ ተነሥቶ ጆሯችን የሚደርስ ድምፅ የለም። የሬዲዮ ሞገድ ብርሃን ነው። በዓይናችን ከምናየው የሚለየው ሞገዱ ረጅም በመሆኑ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ያው በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤት ያለው ሬዲዮ እንኳ ከጣቢያው የሚቀበለው ድምፅ አይደለም፤ ሞገዱን ተቀብሎ ድምፁን የሚሠራው ራሱ ነው።

የቴሌስኮፑ አሠራር ቀላል ነው። ሰሃኑ ሞገዱን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ እዚያ ያለው አንቴና ይቀበለዋል፤ ማጉያው ያጎላዋል፤ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች በሚታየው ብርሃን ስለሚሠሩ ሌሊትና ጥርት ያለ ሰማይ ያስፈልጋቸዋል። ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ግን በተለይ በረጃጅሞቹ ሞገዶች ቀንም፣ ደመና ውስጥም ይሠራል።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ከካርል ጃንስኪ ታሪክ ይመስለኛል። ጃንስኪ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራው አትላንቲክን አሻግሮ የሚያነጋግረውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ምን እንደሆነ መፈለግ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል በተባለ ቦታ በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠራ። የቅርብና የሩቅ መብረቅ የሚያመጣውን ረብሻ ለየ። ከዚያ በኋላ አንድ የማያቋርጥ «ሽሽ» የሚል ረብሻ ቀረ። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆሙና «ጃንስኪ የከዋክብትን ድምፅ ሰማ» ይላሉ።

ትልቁን ነገር የዘለሉት እዚህ ነው። «ሽሽ» የሚለውን ያሰማው መቀበያው ነው፤ ግኝቱ ግን በወረቀት ላይ ብዕር ካሰመረው መስመር የተገኘ ነው። ጃንስኪ የመስመሩን ከፍታና ዝቅታ ለወራት ተከታተለ። ከፍታው መጀመሪያ ፀሐይን የተከተለ መሰለ፤ ቆይቶ ግን ከፀሐይ ተለየ። የሚመለሰው በየ24 ሰዓቱ ሳይሆን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ነበር። ይህ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ጊዜ የምትዞርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ምንጩ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ፣ ቀውስ በሚባለው የኮከብ ክፍል አቅጣጫ፣ በፍኖተ ሐሊብ መካከል መሆኑን ተረዳ። ውጤቱን በ1933 አሳወቀ። የአራት ደቂቃን ልዩነት ለወራት አጥርቶ የሚለይ ጆሮ የለም፤ ወረቀትና ትዕግሥት ግን ይለያሉ።

ከ34 ዓመት በኋላ ካምብሪጅ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። ተማሪዋ ጆስሊን ቤል በየቀኑ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወረቀት በዓይኗ ትመረምር ነበር። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የያዘች አንዲት እንግዳ ጭረት አየችና አላልፋትም አለች። ጭረቷ በየ1.33 ሰከንዱ ብልጭ የሚል ኮከብ፣ የመጀመሪያው ፐልሳር ሆነች። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ለአስተማሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ ቤል አልተካተተችም። አግባብ አልነበረም፤ ያየችው እሷ ናት።

ቴሌስኮፕ የመዘገበውን መረጃ ወደ ድምፅ ቀይሮ ማሰማት ነውር አይደለም፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጥሩ መንገድ ነው። ግን የተቀየረ መሆኑን ሳይናገሩ «የጥቁር ጉድጓድ ጩኸት» እያሉ የሚያሰራጩ ሰዎች አንባቢን ያታልላሉና ቢታረሙ ደግ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የሞገዱ ደካማነት ነው። በጃንስኪ ስም የተሰየመው የመለኪያ አሐድ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጨረቃ ላይ የተቀመጠ አንድ ተራ ሞባይል ከሰማይ ደማቅ የሬዲዮ ምንጮች ተርታ ይሰለፋል። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የግሪን ባንክ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዙሪያ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አካባቢ ከ1958 ጀምሮ በሕግ የሬዲዮ ጸጥታ የሚጠበቅበት የሆነው ለዚህ ነው። በቴሌስኮፑ አጠገብ የሚነዳውም ናፍጣ መኪና ነው፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ሲተኩስ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫልና። አውስትራሊያ ፓርክስ ያለው ባለ 64 ሜትር ቴሌስኮፕ ደግሞ ለዓመታት ምንጩ ያልታወቀ ብልጭታ ሲመዘግብ ኖሮ፣ በ2015 ነገሩ የተቋሙ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሆኖ ተገኘ። ምድጃው ጨርሶ እስኪጠፋ ሳይጠብቅ በሩን የሚከፍት ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ የምትጎበኙ ከሆነ ስልክ አጥፉ ስትባሉ አጥፉ፤ ድምፁን መቀነስ ማጥፋት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ ከቴሌቪዥን ሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ፣ ጣራ ላይ ያለው ዲሽ ወደ ፀሐይ ያነጣጠረ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይሆናል። የፀሐይ የሬዲዮ ብርሃን የሳተላይቱን ደካማ ሞገድ ይውጠዋል፤ ምስሉም ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል፤ ለጥቂት ቀናትም በዚያው ሰዓት አካባቢ ይደጋገማል። አንድ ጎረቤቴ በዚህ ምክንያት ዲሽ ሠራተኛ ጠርቶ ገንዘብ ከፍሏል። ሠራተኛው ዲሹን ነካክቶ እስኪወርድ ድረስ ፀሐይ አልፋ ስለነበር ምስሉ ተመለሰ፤ ምስጋናውንም እሱ ወሰደ። እናንተ ግን ጣራ ላይ አትውጡ፤ ዲሹንም አታንቀሳቅሱ። ሰዓቱን መዝግባችሁ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አካባቢ ጠብቁት።