የሕክምና ትምህርት ቤት ምርጫ፦ ጎንደር ወይስ ባሕር ዳር?

ሐኪም ለመሆን በሚያስቡ ተማሪዎች ዘንድ «የቆየው ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ቢሰማም፣ እውነትነቱ ከፊል ነው።

በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ተቋም፣ በ1970ዎቹ መባቻ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረ ሲሆን፣ ዋና መለያው የልዩ ልዩ ጤና ሙያ ተማሪዎች በጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው የሚሠሩበት «የቡድን ሥልጠና» ነው። ባሕር ዳር በዕድሜ ታናሽ ቢሆንም፣ ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታልና በከተማዋ ነባር ሆስፒታል በፈለገ ሕይወት ይለማመዳሉ።

ከስምና ከዕድሜ ይልቅ ሊመዘን የሚገባው የአታችመንት፣ ማለትም በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወሩ የመማር ሁኔታ ነው፤ በጠዋት ጉብኝት አንድን አልጋ አሥራ አምስት ተማሪዎች ከከበቡት፣ ከኋላ የቆመው የልብ ድምፅ በስቴቶስኮፕ ሳያዳምጥ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ያልፋልና። የቤተ መጻሕፍትና የዶርም ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ አንድ በመሆኑ፣ ልዩነቱ መታየት ያለበት በልምምዱ ነው። ስለዚህ አመልካቾች ከመወሰናቸው በፊት በሁለቱም ተቋማት ያሉ ኢንተርኖችን፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪሞችን፣ ስለ አታችመንቱ እንዲጠይቁ ይመከራል፤ ተጨማሪ ጥያቄ ያላቸውም ከዚህ በታች ሊጽፉ ይችላሉ።