ምልክቱ ለምን ይዞራል? ስለ መስመራዊ ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገሮች

አንድ ተማሪ በሦስት ፈተናዎች 72፣ 81 እና 76 አምጥቷል። የአራቱ አማካይ ከ80 እንዳያንስበት በአራተኛው ስንት ማምጣት አለበት? የቀረውን ውጤት ሀ ብንለው (72 + 81 + 76 + ሀ) ÷ 4 ≥ 80 ይሆናል። ሁለቱንም ጎን በ4 ስናባዛ 229 + ሀ ≥ 320፣ ከዚያም ሀ ≥ 91 እናገኛለን። ፈተናው ከ100 የሚታረም ከሆነ ከ91 እስከ 100 ያለው ውጤት ሁሉ ይበቃዋል። ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገር አንድ ነጠላ መልስ ሳይሆን የመፍትሔ ስብስብ ነው የሚሰጠን። ተማሪውም መጀመሪያ ሊለምደው የሚገባው ይህንን ነው።

ሐሳቡ ከምልክቱ በብዙ ይቀድማል። አርኪሜዲስ ፓይ ከ3 10/71 እንደሚበልጥ፣ ከ3 1/7 እንደሚያንስ ያረጋገጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የጻፈው ግን ያለ ምልክት፣ በቃላት ነበር። የእኩል ምልክትን ዌልሳዊው ሮበርት ሪኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 አስተዋወቀ። < እና > በኅትመት የወጡት የእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት የአልጀብራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1631፣ እሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታተም ነው።

ወደ አሠራሩ እንግባ። 4 − 3(ሀ − 2) ≥ 2ሀ − 5 የሚለውን እንውሰድ። ቅንፉ ሲፈታ 4 − 3ሀ + 6 ≥ 2ሀ − 5፣ ተመሳሳዮቹ ሲሰባሰቡ 10 − 3ሀ ≥ 2ሀ − 5 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት −3 በ−2 ሲባዛ ፖዘቲቭ 6 መሆኑን ረስተው ነው፤ ይህ የቅንፍ ጉዳይ እንጂ ከያለእኩልነት ጋር የተያያዘ አይደለም። ከዚያ 2ሀን እና 10ን ከሁለቱም ጎን ስንቀንስ −5ሀ ≥ −15 ይመጣል። በ−5 ስናካፍል ምልክቱ ይዞርና ሀ ≤ 3 እናገኛለን።

ለምን ዞረ? በክፍል ውስጥ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ሕጉ ነው» የሚል ነው። እንዲህ በቃል የተያዘ ሕግ በቀላሉ ይረሳል፤ ከዚያም ብሶ የማይመለከተው ቦታ ይገባል። ኔጌቲቭ ቁጥር ባየ ቁጥር፣ በመደመርም በመቀነስም ምልክቱን የሚያዞር ተማሪ ጥቂት አይደለም። የተለመደው የሚዛን ምሳሌም እዚህ ላይ አይረዳም። ባዘነበለ ሚዛን ላይ በሁለቱም ወገን እኩል ብንጨምር ያው እንዳዘነበለ ይቀራል፤ በኔጌቲቭ ማባዛትን ግን በየትኛው ሚዛን እናሳየዋለን? ማስረጃው ራሱ ከዚህ ምሳሌ ይቀላል። 2 < 5 ነው እንበል። ከሁለቱም ጎን 2ን ቀንሰን፣ ደግሞ 5ን ብንቀንስ −5 < −2 ይቀራል። ምንም አላዞርንም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ጎን ተለዋወጡ። በ2 እና በ5 ፋንታ ማንኛውንም ሁለት ቁጥር ብናስገባ ውጤቱ ያው ነው።

ይህን የገባው ሰው ማዞርን ከነጭራሹ ሊተወው ይችላል። ከ10 − 3ሀ ≥ 2ሀ − 5 ተነሥቶ 3ሀን እና 5ን በሁለቱም ጎን ቢደምር 15 ≥ 5ሀ፣ ማለትም 3 ≥ ሀ ያገኛል። ለጀማሪ ይህን መንገድ እመርጥለታለሁ፤ ብቻ 3 ≥ ሀ ማለት ሀ ≤ 3 ማለት መሆኑን ማንበብ አለበት። ማረጋገጫውም አጭር ነው። ሀ በ0 ሲተካ 10 ≥ −5 እውነት ነው፣ በ4 ሲተካ ግን −2 ≥ 3 ሐሰት። በቁጥር መስመር ላይ 3 ራሱ መፍትሔ ስለሆነ ነጥቡ ይጠቁራል፣ ቀስቱም ወደ ግራ ይሄዳል።

ክፍልፋይ ሲኖር በታህቶቹ ትንሹ የጋራ ብዜት ማባዛት ይበጃል። ሀ/3 − 1 < ሀ/2 በ6 ሲባዛ 2ሀ − 6 < 3ሀ፣ ስለዚህ ሀ > −6 ነው። 1ን ሳያባዙ መዝለል የታወቀ ስሕተት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሀ ራሱ ይጠፋል። 2(ሀ + 3) > 2ሀ + 1 ወደ 6 > 1 ስለሚወርድ ማንኛውም ቁጥር መፍትሔው ነው፤ ምልክቱ < ቢሆን ኖሮ ስብስቡ ባዶ ይሆን ነበር። በሀ ማባዛት ግን ክልክል ነው፤ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ሳናውቅ ምልክቱ ይዙር አይዙር አናውቅም።

በቃላት የቀረቡ ጥያቄዎች የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። «ከ80 የማያንስ» ሲባል «ያንሳል» የሚለውን ብቻ አይቶ < የሚጽፍ አለ። ኑሮም ገደብ ያበጃል። 1,000 ብር ይዞ 150ውን ለትራንስፖርት ያወጣ ሰው፣ ባለ 60 ብር ደብተር ሊገዛ ቢል 150 + 60ሀ ≤ 1,000 ሀን ከ14.16 ትንሽ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። የሚገዛው ግን 14 ነው፤ ሩብ ደብተር የሚሸጥለት የለም።

የማይታወቁት ቁጥሮች ሁለት ሲሆኑ መፍትሔው ከቁጥር መስመር ወጥቶ የጠለል ግማሽ ይሆናል። ብዙ ያለእኩልነቶች አብረው ሲመጡ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፎሪየር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ያሰበው ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ በምልክት መዞር ላይ ነው። ≤ ያለበትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ተለዋዋጭ ስንፈታ፣ ፖዘቲቭ ኮፊሸንት ያላቸው ላይኛ ወሰን፣ ኔጌቲቭ ያላቸው ምልክቱ ስለሚዞር ታችኛ ወሰን ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ታችኛ ከእያንዳንዱ ላይኛ እንዳይበልጥ ሲጻፍ ተለዋዋጩ ይወገዳል። ችግሩ የዓረፍተ ነገሮቹ ብዛት በፍጥነት መቆለሉ ነው። የሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 የፋብሪካ ምርትን ለማቀድ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 ሲምፕሌክስ በተባለው ዘዴ ሌላ መንገድ ከፈቱ።