አሮጌውን የእርሳስ ወታደር ስለ መጠገን

አዲስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ምስጋና ያገኛል፤ አሮጌውን የሚጠግን ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። ዳሩ ግን መጠገን ከመሥራት የሚያንስ ጥበብ አይደለም። አዲስ የሚሠራ ሰው የገዛ ዐሳቡን ይከተላል፤ ጠጋኝ ግን የሌላውን ሰው ዐሳብ ፈልጎ አግኝቶ ለርሱ መታዘዝ አለበት። ይህን ለማስረዳት ታላቅ ዕቃ አያስፈልገንም፤ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ አንድ የእርሳስ ወታደር ይበቃናል። እርሳስ ስንልም የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበትን ከባድና ለስላሳ ማዕድን ማለታችን ነው።

በአውሮፓ ሰዎች ጦርነትን በገበታ ላይ በጨዋታ ማስመሰል የጀመሩት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን፣ የጦር አለቆች በካርታ ላይ ውጊያን የሚማሩበትን የጨዋታ ሕግ አሳተመ። በ1893 ደግሞ በሎንዶን የብሪትን ቤተ ሰብ ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከዚያም በ1913 ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው ደራሲ «ትናንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ ጽፎ፣ እነዚህን ወታደሮች በቤት ወለል ላይ አሰልፎ ስለ መጫወት ደንብ ሰጠ። ዌልስ ግን ጦርነትን ለማወደስ አልጻፈም፤ ይህን ጨዋታ ደጋግሞ የተጫወተ ሰው የእውነተኛው ጦርነት ከንቱነት ይገባዋል ብሎ ያምን ነበርና። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ታላቁ የዓለም ጦርነት ተነሣ።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ ጨዋታ ውጭ አልቀረም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የብሪትን ፋብሪካ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኞችና የኢትዮጵያን ተዋጊዎች የሚያሳዩ ትናንሽ ወታደሮች ሠርቶ አወጣ። የእንግሊዝ ልጆች እነዚህን በጠረጴዛ ላይ ሲያሰልፉ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እውነተኞቹ የክብር ዘበኞች በማይጨው ይወድቁ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ወታደሮች አንዱ ዛሬ በአንድ ሰው እጅ ቢገኝ፣ መጫወቻ ብቻ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ትንሽ ቢሆንም የአንድ ዘመን ምስክር ነው።

አሁን አሠራሩን እንመልከት፤ የተሠራበትን መንገድ የማያውቅ ሰው ሊጠግነው አይችልምና። ሠራተኛው እርሳስን ከጥቂት ቆርቆሮና አንቲሞን ከሚባለው ማዕድን ጋር ያቀልጣል። እርሳስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እጅግ ይለሰልስ ነበር፤ አንቲሞን ያጠነክረዋል። ቀጥሎም ሁለት ፊት ባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ ያፈስሰዋል። የቀለጠው ማዕድን ቅርጹን የነካው በኩል ወዲያው ይረጋል፤ መካከሉ ግን ገና ውኃ ነው። በዚያች ቅጽበት ሠራተኛው ቅርጹን ገልብጦ ያልረጋውን ያፈስሳል፤ የሚቀረውም እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ስስ የሆነ ወታደር ነው። በዚህ ብልሃት ማዕድኑ ይቆጠባል፤ ወታደሩም ቀላልና ርካሽ ይሆናል። ቁመቱ 54 ሚሊሜትር፣ ማለት ከአንድ ጣት የማይበልጥ ነው።

ማዕድንን አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማው አጠገብ ባለው በጋፋት ኮረብታ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ሳልሙለር የተባሉት ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ወንጌልን ለማስተማር የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር፤ ንጉሡ ግን ስላዘዟቸው በሙከራና በድካም ተማሩት። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። የእርሳሱ ወታደርና ሴባስቶፖል በመጠን እንደ ጉንዳንና እንደ ዝሆን ቢራራቁም፣ የሁለቱም ሕግ አንድ ነው፤ የፈሰሰው ማዕድን የቅርጹን መልክ ከነስሕተቱ ይይዛል፤ ከረጋም በኋላ በውድ አይለወጥም።

አሮጌ ወታደር ብዙ ደዌ ያገኘዋል። አንዳንዱ ጠመንጃው ይጎብጣል፤ አንዳንዱ አንገቱ ይሰበራል፤ የሌላው ቀለም ይረግፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በላዩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር የሚወጣበት ነው። ይህ ነጭ ዱቄት እርሳሱ ራሱ ተበልቶ የሚሆነው ነው። የሚያመጣውም የኮምጣጤ ጠባይ ያለው ትንፋሽ ነው፤ ይህም ትንፋሽ ከአንዳንድ እንጨት፣ ይልቁንም ኦክ ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ፣ ከመጥፎ ካርቶንም ይወጣል። ሰው ወታደሩን ከአቧራ ለመጠበቅ ብሎ በሚያምር የኦክ ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍበት፣ ጠባቂው ሣጥን ራሱ በዝግታ ይበላዋል። ስለዚህ ከእንጨት ይልቅ በመስታወት ወይም በብረት ውስጥ፣ ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ ይሻለዋል፤ በደጋው ክረምትም ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ መኖር የለበትም።

ወደ ጥገናው ከመግባት በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም ለሕፃናት። ስለዚህ ጠጋኙ እርሳሱን በደረቁ አይሞርድም፤ ትቢያውን አይተነፍስም፤ በሥራው ገበታ ላይ አይበላም፤ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠባል። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝ አገር የእነዚህ የእርሳስ መጫወቻዎች ሥራ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቆመ። አሮጌው ወታደር ዛሬ የዐዋቂ ዕቃ እንጂ የሕፃን መጫወቻ መሆን የለበትም።

የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። ጠጋኙ ዕቃውን በብርሃን ፊት እያገላበጠ ይመረምራል፤ ያየውንም ይጽፋል። ቢቻለው ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ቀጥሎም በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፋል፤ የቀረውን እድፍ በጥቂቱ በረጠበ ጥጥ ያነሣል። ብዙ ጊዜ ሥራው በዚህ ያበቃል፤ እድፍ የመሰለው ነገር ሲነሣ ከበታቹ ደኅና ቀለም ይገኛልና።

የጎበጠውን ማቅናት ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌ እርሳስ በአንድ ጊዜ ቢያጠፉት ይሰበራል፤ ወዲያና ወዲህ ቢያመላልሱት ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ በለብታ ውኃ ጥቂት አሙቆ፣ ዛሬ ጥቂት ነገም ጥቂት ያቀናዋል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ የቸኮለ እጅ የሚያገኘው ሁለት ቍራጭ ነው።

ራሱ የተሰበረውን ወታደር ለመጠገን የቆየ ብልሃት አለ። ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ፣ አንድ የክብሪት እንጨት ቀርጾ ግማሹን በአንገቱ፣ ግማሹን በራሱ ውስጥ መክተት ነው፤ የእንግሊዝ ልጆችም በየቤታቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። ውስጡ ድፍን ለሆነው ግን በሁለቱም ወገን በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አብጅቶ፣ ስስ ሽቦ ከትቶ በሙጫ ያያይዘዋል። በእሳት መበየድ ለጀማሪ አይመከርም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከቆርቆሮና ከአንቲሞን ጋር የተቀላቀለውም ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣልና፣ እጁን ሊቀጥልለት የተነሣ ሰው ደረቱን ጨምሮ ሊያጠፋው ይችላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም የቀለም ነገር ነው። በስፒርቶ ወይም በአሴቶን ውስጥ ቢነከር አሮጌው ቀለም ይለቃል፤ ከዚያም በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ መደብ ቀብቶ፣ በስስ በስሱ አዲስ ቀለም መደራረብ ይቻላል። በመጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ ልብሱን፣ በመጨረሻም ትጥቁን ይቀባሉ፤ ሲደርቅም ቫርኒሽ ይደርቡበታል። ሥራው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መሠራት እንደሚገባው መፍረድ ነው። ከጊዜ በኋላ ሌላ ሰው በግዴለሽነት የለቀለቀበት ቀለም ከሆነ መነሣቱ ጉዳት የለውም። በፋብሪካው የተቀባው የመጀመሪያው ቀለም ከሆነ ግን፣ ግማሹ ረግፎ እንኳ ቢገኝ አይነካም። የተፋቀ ቀለም ተመልሶ አይገኝም። ያን ቀለም በብሩሽ የቀባች አንዲት ሠራተኛ ነበረች፤ ያደከመውም የአንድ ልጅ ጣት ነው፤ የሚፍቀው ሰው ሁለቱንም ይደመስሳል። ያማረ መስሎት ያልተቸገረበትን ቀለም የሚያነሣ ጠጋኝ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። አንድ ሰው ቀለሙ ፈጽሞ የጠፋ የኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ ምስል አግኝቶ እንደ ገና ሊቀባው ተነሣ እንበል። ምስሉ ባዶ እግሩን ነው። ሰውየው አገሩን ስለሚወድ፣ የንጉሠ ነገሥት ዘበኛ ያለ ጫማ መታየቱ ውርደት መስሎት፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ ቀባለት። ዐሳቡ መልካም ነበር፤ ሥራው ግን ሐሰት ሆነ። በዚያ ዘመን ከክብር ዘበኞች ብዙዎቹ ካኪ ለብሰው በባዶ እግራቸው ይዘምቱ ነበርና። በዐለትና በእሾኽ ላይ በባዶ እግር ተጕዞ፣ መርዝ ጋዝ የሚረጭ አውሮፕላን ካለው ጠላት ጋር የተዋጋ ሰው፣ ክብሩ በዚያው በባዶ እግሩ ላይ አለ። ጫማ የቀባለት ሰው ውርደቱን የሸፈነለት መሰለው እንጂ ድካሙን ሰረቀው። ስለዚህ ጠጋኝ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት የዘመኑን ፎቶግራፍ ይመልከት፤ ያን ጊዜ የነበሩትን ይጠይቅ፤ የጻፉትን ያንብብ። እውነቱን ባያገኝ ስፍራውን ሳይቀባ ይተወው።

ይህ ነገር ለትልቁም ዕቃ እንደዚሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በሰው ጕልበት እያስጎተቱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስቈረጡ፣ ስድስት ወር ያህል ደክመው ወደ መቅደላ አደረሱት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሡ ሞቱ፤ መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ ተራራ ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሟል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አምሳያው ለአላፊ አግዳሚ ሁሉ መልኩን ያሳያል፤ አምሳያ መሆኑም ስለ ታወቀ ማንንም አያታልልም። የመቅደላው ግን በላዩ ያለው ጭረትና ዝገት ሁሉ የጋፋት እሳትና የመንገዱ ድካም ጽሕፈት ነው። አንድ ሰው ያን ወለል አንጽቶ እንደ አዲስ ቢያብለጨልጨው፣ በአገራችን ሁለት አምሳያ ይኖር ነበር፤ እውነተኛው ግን አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ጠጋኝ የሚጠብቀው ሕግ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሳያውቅ አይንካ። ሁለተኛ፣ የተሰበረውን ይጠግን እንጂ ያረጀውን አዲስ ለማድረግ አይጣጣር። ሦስተኛ፣ የጠገነውን አይሸሽግ፤ ከወታደሩ መቆሚያ በታች ወይም በወረቀት ላይ ቀኑንና የሠራውን ይጻፍ፤ ከርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የትኛው የቀድሞው፣ የትኛው የርሱ እጅ እንደ ሆነ እንዲያውቅ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ የእርሳስ ወታደር በእጅህ ላይገባ ይችላል። ነገር ግን የአባትህ አሮጌ መጽሐፍ፣ የአያትህ የነሐስ መስቀል፣ ወይም አንድ ሽማግሌ ያጫወተህ ያለፈ ታሪክ በእጅህ ይገባል። ታሪኩን ለሌላ ስትነግር ጫማ ልትቀባለት ብትፈተን፣ ያን ባዶ እግሩን የቆመውን ትንሽ ወታደር አስበው።