«አረገዝኩ፤ መድኃኒቱን ልተወው?»



እዚህ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የምትኖር አንዲት እኅታችን የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ከባድ ድብርት ይዟት ነበር። እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ አስጠላት፤ ሕፃኑን ለማቀፍ እንኳ አቅም አነሳት። ሐኪም ያዘዘላትን ፍሉኦክሰቲን ወስዳ ከወራት በኋላ ወደ ቀድሞ ጤንነቷ ተመለሰች፤ አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛውን ማርገዟን ያወቀች ዕለት ግን ማንንም ሳታማክር መድኃኒቱን አቋረጠች። «ለልጄ ብዬ ነው» ትላለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ባለቤቷ ነገሩን ያወቀው ሞትን መመኘት ከጀመረች በኋላ ነው።

ይህን የምናነሳው በእኅታችን ለመፍረድ አይደለም። ፍርሃቷ የእናት ፍርሃት ነው። ግን «መድኃኒቱ ልጄን ይጎዳው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ሕመሙ ሳይታከም ቢቀርስ?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ከአገራችን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ሻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት የቡታጅራ አካባቢ 1065 ነፍሰ ጡሮችን አጥንተው ነበር። የጭንቀትና የድብርት ምልክት የበዛባቸው እናቶች ምጣቸው ይበልጥ የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመራቸውም ነገር ይበልጥ የመዘግየት ዕድል እንዳለው ተገኘ። ሕመሙ እናትየው ዘንድ ብቻ አይቀርም ማለት ነው።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ 201 ነፍሰ ጡሮች የታተመ ጥናት አለ። መድኃኒታቸውን ካቆሙት ከመቶ 68ቱ፣ ከቀጠሉት ግን ከመቶ 26ቱ ድብርቱ አገረሸባቸው። ሁሉም ጥናት ይህን ያህል ልዩነት አላገኘም፤ ሆኖም ከዚህ በፊት ክፉኛ ለታመመች እናት በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑን ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

መድኃኒቱስ? ጨርሶ እንከን የለውም አንልም። አንዳንድ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነጫነጫሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጡት በደንብ አይዙም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ እናትየው በጤና ተቋም መውለድና ለአዋላጇ መንገር ይገባታል። ፓሮክሰቲን ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ስሙ ስለሚነሳ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር እንደ አዲስ መጀመሩን አይመርጡም። ሰርትራሊን ደግሞ ወደ ጡት ወተት የሚገባው በጣም ጥቂት በመሆኑ ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። «የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ጽንስ ያበላሻል» የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ጽንስን ክፉኛ በመጉዳት የሚታወቀው ቫልፕሮዬት ለሚጥል በሽታና ለሌላ ዓይነት የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ እንጂ የድብርት መድኃኒት አይደለም። እሱንም ቢሆን የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቁም።

«ኢማኗ ቢደክም ነው» የሚሉም አሉ። ወገኖቻችን! ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጥቶ ነበር። እመቤታችን መርየም (ዐ.ሰ.) ምጥ ሲይዛቸው ሞትን ተመኝተዋል። ታዲያ የማንን ኢማን ልንመዝን ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ምክንያቱ የታወቀውን ሐዘን ምክንያቱ ካልታወቀው ለይቶ፣ ለኋለኛው መነሻው ከአካል ነውና አካልን ማከም እንደሚገባ ጽፏል። ዱዓውና ቁርኣኑ ይቀጥል፤ ሕክምናው አይቋረጥ። ረመዷን ሲገባም መድኃኒቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ስለማዛወር ሐኪም ይጠየቅ። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ላለመጾም ፈቃድ እንዳላት ደግሞ ሸሪዓው ራሱ ደንግጓል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኅቴ ሆይ! መድኃኒት እየወሰድሽ ልጅ ካሰብሽ አስቀድመሽ አማክሪ፤ አርግዘሽ ከሆነ ደግሞ ከመወሰንሽ በፊት ጠይቂ። ከጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል ጀምሪ፤ ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩሻል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ያለ መድኃኒት በምክር ብቻ የሚታከምበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ሲነሳ መንገድ እየተዘጋ መድኃኒት የተቋረጠባቸው ነበሩና፣ ከማለቁ በፊት ለሐኪምሽ አሳስቢ።

ወንድሜ ሆይ! አንተም ባለቤትህን ወደ ሐኪም አብረሃት ሂድ፤ ውጭ ቆመህ አትጠብቃት። እማማም ምራትዎን «ሰነፍ ሆነች» ከማለትዎ በፊት ሌሊት ትተኛ እንደሆነ ይጠይቋት። ሞትን ካነሳች ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ትድረስ።

ያች እኅታችን በባለቤቷ ታጅባ ተመልሳ ታከመች፤ በሰላምም ተገላገለች። «ያን ቀን አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ» ትላለች ዛሬ። አላህ እናቶቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።