አንድ ሰደፍ፣ ሁለት ዓይነት አፈሙዝ

ፎገራ ሜዳ ላይ ቆቅ ያሳደደ ሰው «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረት ከምን እንደመጣ አስረጂ አያሻውም። ወፏ በሣሩ ሥር ተሹለክልካ ትሮጣለች፤ ደረሱብኝ ስትል ድንገት ቱር ብላ ትነሣለች። የተወረወረው ዱላ የሚያርፈው ባዶ መሬት ላይ ነው። ጅግራም ከእሷ አትሻልም። በመንጋ ሆና ትለቅማለች፣ ስትደነግጥ መጀመሪያ እግሯን ታምናለች፣ ክንፏን የምትዘረጋው መሮጡ ሳያዋጣት ሲቀር ነው።

ይህ ጸባይ በዓለም ዙሪያ ያሉ ትናንሽ የዱር እንስሳት አዳኞችን ሲያስቸግር ኖሯል። ቆማ ስትለቅም ከሩቅ ለመምታት አንድ ዓይነት ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ ስትነሣ በአየር ላይ ለማግኘት ደግሞ ሌላ። ሁለት ጠመንጃ ተሸክሞ ጫካ መግባት ያደክማል፤ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን እስኪያነሡም ወፏ አትጠብቅም። አውሮፓውያን ጠመንጃ ሠሪዎች መፍትሔ ያሉት ሁለቱን በአንድ ሰደፍ ላይ ማጣመር ነበር።

ነገሩ የሚገባው የአፈሙዙን ውስጥ ሲያዩ ነው። ለነጠላ ጥይት የተሠራ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጾበታል። እርሳሱ በዚያ ቦይ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ አቅጣጫውን ሳይስት ሩቅ ይሄዳል። የቆመን ነገር ለመምታት ተወዳዳሪ የለውም፤ በምትበር ወፍ ላይ ሲተኮስ ግን የመሳቱ ዕድል እጅግ የሰፋ ነው። የሾትገን አፈሙዝ በአንጻሩ ውስጡ ልሙጥ ነው። ወፍራሙ ቀለህ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ቅንጣት እርሳስ ይይዛል። ቅንጣቶቹ እየተበተኑ ስለሚሄዱ ተኳሹ ትንሽ ቢስት እንኳ ጥቂቶቹ ወፏን ያገኟታል። ድክመቱ ርቀት ነው። ከ35 ወይም ከ40 ሜትር በኋላ ቅንጣቶቹ ይሳሳሉ፣ ጉልበታቸውም ይዝላል።

ልሙጥ አፈሙዝ የማይተኩሰው ነገር የለም ለማለት የሚያስደፍር ታሪክ ጎንደር ውስጥ ተፈጽሟል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእኛ አቆጣጠር በ1760ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሳለ፣ በእርሳስ ፋንታ ግማሽ የሞራ ሻማ ጠመንጃው ውስጥ አጉርሶ ቢተኩስ ሦስት ጋሻ እንደበሳ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ቀጥሎም በዚያው ሻማ የጠረጴዛ ሳንቃ በስቶ መኳንንቱን እንዳስገረመ ይተርካል።

ከጥምር ጠመንጃዎች ሁሉ በቀላልነቱ የሚታወቀው አሜሪካ ሠራሽ ነው። ስቲቨንስ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው፣ በኋላም ሳቬጅ 24 በሚል ስም ለአሥርተ ዓመታት የተሸጠው መሣሪያ ሁለት አፈሙዝ አለው። የላይኛው 22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት፣ የታችኛው 410 የሚባለውን ቀጭን የሾትገን ቀለህ ይጎርሳል። ጠመንጃው ከመካከሉ ታጥፎ ይከፈታል፤ አዳኙ ሁለቱን ቀለሆች በየጉድጓዳቸው ከትቶ ይዘጋዋል። ቃታው አንድ ብቻ ስለሆነ የትኛው አፈሙዝ እንደሚተኩስ የሚወሰነው በአንዲት ትንሽ መምረጫ ነው። ጅግራዋ 50 ሜትር ርቃ ቆማ ከሆነ መምረጫው ወደ ላይኛው ይዞራል፤ 20 ሜትር ላይ ከተነሣች ወደ ታችኛው። ሁለቱ ከተተኮሱ በኋላ እንደገና ከፍቶ ማጉረስ ግድ ነው። ካዝና ሙሉ ጥይት ማንጣጣት ለለመደ ሰው ይህ ጉድለት ይመስለው ይሆናል። አደን ለሚያውቅ ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ምን እንዳየና ለምን እንደሚተኩስ እንዲወስን መሣሪያው ራሱ ያስገድደዋል።

ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ከአንድ ጫካ ጥንቸልም፣ ወፍም፣ ከርከሮም ሊወጣ በሚችልበት አገር «ድሪሊንግ» የሚሉትን ባለ ሦስት አፈሙዝ ጠመንጃ ሠሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ጎን ለጎን ሁለት የሾትገን፣ ከሥራቸው አንድ የነጠላ ጥይት አፈሙዝ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል የሳወር ኩባንያ የሠራውን ኤም 30 የተባለ ድሪሊንግ በሰሜን አፍሪካ ለሚበሩ ሠራተኞቹ አስታጥቋል። ሐሳቡ አውሮፕላኑ በረሃ ላይ ቢወድቅ አድነው እንዲበሉ፣ ራሳቸውንም እንዲከላከሉ ነበር።

የሶቪየት ጠፈርተኞችም ተመሳሳይ ነገር ታጥቀዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1965 አሌክሲ ሊዮኖቭና ፓቬል ቤልያየቭ ከጠፈር ሲመለሱ ካሰቡት ቦታ ርቀው በረዶ በሸፈነው የኡራል ጫካ አረፉ፤ አውሬ በሚፈራበት ቦታም አደሩ። ከዓመታት በኋላ ቲፒ 82 የተባለ ባለ ሦስት አፈሙዝ ሽጉጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከጠፈርተኞች ዕቃ ጋር መጫን ጀመረ። ሁለቱ አፈሙዞች ለቅንጣት እርሳስ፣ አንዱ ለነጠላ ጥይት ነበሩ፤ ተነቃዩ ሰደፍ ደግሞ እንደ ገጀራ ያገለግላል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ዋጋ ያስከፍላል። ተጨማሪ አፈሙዝ ተጨማሪ ክብደት ነው። አንድ ላይ የተበየዱ አፈሙዞች ሲግሉ ዒላማው ሊዛባ ይችላል። መምረጫውን የዘነጋ አዳኝም ለምትበር ወፍ ነጠላ ጥይት ይተኩሳል፤ ያ ጥይት ሩቅ ሄዶ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጠመንጃ በየስሙ የሚታወቅ ዕቃ ነው። ውጅግራ፣ ስናድር፣ ምንሽር፣ አልቤን እያለ የሚቆጥር አዛውንት በደቡብ ጎንደር አይጠፋም። እነዚህ ግን ሁሉም ለጦር ሜዳ የተሠሩ፣ ነጠላ ጥይት የሚተኩሱ ናቸው። የአደን ክብሩም የሚለካው በትልቅ አውሬ ነበር። ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የጣለ ይፎክራል፣ ይሸለማል። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ስማቸው የተነሣው ጉማሬን በጦር በማደን ነው። ቆቅ ገድሎ የሚፎክር ግን የለም፤ እሷ በወንጭፍና በወጥመድ የእረኛ ልጆች ድርሻ ነበረች።

የማእድ ሥርዓቱም የአደኑን ወሰን አጥብቦታል። ጀርመኑ አዳኝ የሚፈልጋት ጥንቸል ታመሰኳለች ብትባልም ሰኮናዋ ስንጥቅ ስላልሆነ ኦርቶዶክሳዊው አይበላትም። ይብራንም ብዙ ሰው አይነካም። ጅግራና ቆቅ ይበላሉ፤ ነገር ግን ነፍሷ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልተባረከች በክት ናት። ስለዚህ የክርስቲያኑ አዳኝ ሥራ ቃታ በመሳብ አያልቅም፤ ቢላዋውን ይዞ ወፏ ወደ ወደቀችበት መሮጥ አለበት። ነጠላ የጦር ጥይት ያገኛት ጅግራ ደግሞ ለመባረክ አትደርስም፤ ሥጋዋም ተበጣጥሶ ለወጥ የሚሆን ነገር አይተርፋትም።

ለፎገራ ከዚህ የሚበልጥ ሥጋት አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ የደብረ ታቦርን መንገድ የሚለይባት ወረታ የተቀመጠችው በሰፊ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው በሰው የተሞላ ነው፤ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች፣ የፎገራን ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ወደ ገበያ የሚሄዱ መንገደኞች አይጠፉበትም። የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ትንሿ 22 እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር ታልፋለች። ተራራ በሌለበት ቦታ ይህን ጥይት የሚያቆመው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈራል። ለወፍ የሚሆን ቅንጣት እርሳስ 300 ሜትር ሳይሞላ መሬት ይወድቃል።

የሚወድቀው እርሳስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የውሃ ወፎች ምግባቸውን የሚፈጩት በሚውጡት ጠጠር ነው። ጭቃ ውስጥ የቀረውን ቅንጣት እርሳስ ጠጠር ብለው ሲውጡት ይመረዛሉ። በዚህ ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 በውሃ ወፎች አደን የእርሳስ ቅንጣትን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎች አግዷል። በእርሳስ ፋንታ ብረት ይተኮሳል።

ፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ረግረግ ነው። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ኩሬዎች ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው ናቸው። ውሃቸው በፓምፕ እየተሳበ፣ ዳርቻቸው እየታረሰ ስፋታቸው በእጅጉ ቀንሷል። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም፣ ወፎቹ የሚያርፉበት ውሃ ከዓመት ዓመት እየጠበበባቸው ነው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ዝሆንን በተለይ የሚመለከት የአደን ደንብ አውጥተዋል፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የአደን እንስሳት መጠበቂያ አዋጅ ወጣ። በኋላ የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ያግዳል። በፈቃድ የሚካሄደው አደን ባብዛኛው ከፎገራ ርቀው በተከለሉ ቦታዎች፣ በባለሙያ መሪነት የሚከናወን ነው።

ስለዚህ ጥምር ጠመንጃ ለትንሽ እንስሳ አደን የተመቸ፣ በጥሩ ጭንቅላት የታሰበ መሣሪያ ቢሆንም ፎገራ ላይ ዛሬ ቦታ የለውም። የተሠራው የአደን ወቅትና ኮታ ተወስኖ፣ የእንስሳቱ ቁጥር እየታየ ለሚታደንበት ጫካ ነው። ወደፊት በጥናት ተደግፎ የጅግራና የቆቅ አደን በሕግ ቢፈቀድ፣ በሜዳው ላይ መሰማት ያለበት የጦር ጠመንጃ ሳይሆን የብረት ቅንጣት የጎረሰ ሾትገን ድምፅ ነው። እስከዚያው ድረስ አንባቢው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ መንገድ ዳር የዱር ጅግራ የሚሸጥ ቢያጋጥመው አለመግዛት፣ በወፍ ላይ ጠመንጃ የሚያነጣጥር ቢያይ ደግሞ ተው ማለትና ለወረዳው ማሳወቅ።